ከወለሉ በፊት በሩን እይ፦ ስለ አሮጌ ቮልስ ላሜራ ሥራ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ጋሼ። ከአባቴ የወረስኩት የ1967 ሞዴል ቮልስ አለኝ። አሥር ዓመት ግቢ ውስጥ ቆሟል። ሞተሩ ይነሳል። ችግሩ ላሜራው ነው። በሾፌሩ በኩል ወለሉ በስብሶ መሬት ይታያል። ከኋላ ወንበር ሥር ባትሪው የተቀመጠበትም ተበልቷል። የግራው በር ሲዘጋ ካላነሱት አይገጥምም። አንድ ጋራዥ ‹አሮጌው ላይ ላሜራ ደርበን እንበይድልሃለን፣ ስቱኮ እናደርግበታለን፣ በሦስት ቀን ትወስደዋለህ› አሉኝ። እኔ በደንብ እንዲሠራ ነው የምፈልገው። ወለሉን በእጅ ማሠራት ይቻላል? ቦዲው ከሻንሲው መውረድ አለበት? ከየት ልጀምር?»

ወንድሜ፣ ዋናውን ነገር መሃል ላይ ሸጉጠኸዋል። የወለሉ መበስበስ ብዙም አያሳስበኝም። ወለል ቀላል ነው። እኔን ያሳሰበኝ «ካላነሱት አይገጥምም» ያልከው በር ነው። ቮልስ ላይ በር ዝም ብሎ አይወርድም።

መጀመሪያ ይህን አጣራ። በሩን ክፈትና ጫፉን ይዘህ ወደ ላይ ወደ ታች ወዝውዘው። ማጠፊያው ላይ ከተንቀሳቀሰ ፒኑ አልቋል ማለት ነው። ተገላገልክ፤ ፒን ይቀየራል። ማጠፊያው ጥብቅ ሆኖ በሩ አሁንም ዝቅ ካለ ግን የወረደው በሩ የታሠረበት ምሰሶ ነው። ከዚያ በሩን ገጠም አድርገህ ዙሪያውን ያለውን ክፍተት ተመልከት። ጤነኛ ቮልስ ላይ ጠባብ ሆኖ እኩል ይዞራል። ከላይ ጠብቦ ከታች ከሰፋ ቦዲው መሃሉ ላይ ቁጭ ብሏል። አንድ ፈተና ደግሞ ልጨምርልህ። በሩን ክፍት አድርግና የበሩን ቀዳዳ ከታችኛው ጥግ እስከ ላይኛው ጥግ በሰያፍ ለካ። ሁለት ጎረምሶች አስገብተህ አስቀምጥና እንደገና ለካ። ቁጥሩ ከተለወጠ ከበሩ ሥር ያለው ሳጥን አልቋል።

ስለዚህ ሳጥን ትንሽ ልቆይ፤ የአንተ መኪና ጉዳይ እሱ ነውና። ቮልስ እንደ አሁኖቹ መኪኖች ቦዲውና ወለሉ አንድ ላይ የተበየደ አይደለም። ታች ሻንሲው አለ፤ መሃሉን ከፊት እስከ ኋላ የሚያቋርጥ ውስጡ ባዶ የሆነ ዋሻ ነው፣ ግራና ቀኙ ላይ ወለሉ ተበይዶበታል። ቦዲው ከላይ ይቀመጥና በብሎን ይታሠራል። ብሎኖቹ ወደ ሠላሳ ገደማ ናቸው። አብዛኞቹ የሚገቡት በግራና በቀኝ በር ሥር በተዘረጉት ሁለት ረጃጅም ሳጥኖች ውስጥ ነው። ሳጥኖቹ የቦዲው የታች አጥንት ናቸው። በዚያ ላይ ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ አየር ወደ ፊት የሚያልፈው በሆዳቸው ነው፤ የቮልስ ማሞቂያ እንዲህ ነው የሚሠራው። ሙቀት፣ እርጥበትና አቧራ አንድ ላይ ስለሚገባባቸው ከውስጥ ይበሰብሳሉ። ከውጭ ቀለሙ ሰላም ነው። በካቻቢቴ ጫን ስትለው ግን ጫፉ ሰምጦ ይቀራል። ዛሬውኑ ሞክረው፤ በተለይ የፊቱንና የኋላውን ጫፍ።

አሁን ጋራዡ ወዳለህ ልምጣ። «ደርበን እንበይዳለን» የሚሉት ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው፣ ሲያስረክቡህ ያምራል። ግን ሁለት ላሜራ ሲደራረብ መሃሉ ላይ ውሃ የሚተኛበት ክፍተት ይፈጠራል። ዝገቱ ታች አለ፣ አየሩም ውሃውም ይደርሰዋል፣ አንተ ግን አታየውም። ከሁለት ሦስት ክረምት በኋላ አዲሱም ከአሮጌው ጋር ይሄዳል። ከዚያ የባሰው ሌላ ነው። ቦዲው ቁጭ እንዳለ ወለሉን ከበየድክበት ጠማማውን በብየዳ አጸናኸው ማለት ነው። በሩ ዕድሜ ልኩን እንደተነሳ ይዘጋል።

(ሞዴሉ 1967 ያልከው በፈረንጅ መሆኑ ገብቶኛል። በእኛ 1967 መስከረም 2 ቀን ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት ይዞ የወጣው ሌላ ቮልስ ነው። እኔ ይህን መኪና ስሠራ ያ ቀን ትዝ የማይለኝ ጊዜ የለም።)

ቦዲው መውረድ አለበት ወይ? የአንተ፣ አዎ። የአንዱ ወለል ቁራጭ ብቻ ቢሆን ሳይወርድም ይሠራል። ወለሉም፣ የባትሪው ቦታም፣ ሳጥኑም ሄዶ ከሆነ ግን አውርደው። አትፍራው። መሪውን፣ የፍሬን ዘይት ቱቦውን፣ የቤንዚን ቱቦውን፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ገመድ፣ የማሞቂያ ቱቦዎቹንና ወደ ሞተር የሚሄዱትን ሽቦዎች ትለያለህ። ሽቦውን ከመንቀልህ በፊት ፎቶ አንሳ፣ ምልክት እሰርበት። ታች ያሉት ብሎኖች በ13 ቁልፍ፣ የፊትና የኋላ ትልልቆቹ በ17 ይፈታሉ። የዛጉትን ከሁለት ቀን በፊት ጀምረህ ዘይት አጠጣቸው። ፓራፋንጎውና በሮቹ ከወለቁ በኋላ አምስት ስድስት ሰው ቦዲውን በእጅ ያነሳዋል።

ግን፣ ግን፣ ግን፤ ከማንሳትህ በፊት የበሩን ቀዳዳ እሰረው። ይህንን ከዘለልክ የቀረውን ምክሬን ባታነበው ይሻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በ25 ሚሊ ቱቦላሬ፣ ከፊት ምሰሶ እስከ ኋላ ምሰሶ አንድ አግድም፣ አንድ ሰያፍ ትበይዳለህ። በግራም በቀኝም። ከዚያ ግራውን ከቀኙ ጋር የሚያያይዝ ሌላ ትጨምራለህ። ከማሰርህ በፊት ግን የወረደውን ወደ ቦታው መልስ። መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ በአራቱም ጎማ ይቁም። በሩ ተሰቅሎ፣ ክፍተቱ እኩል እስኪሆን ድረስ ከምሰሶው ሥር በክሪክ ቀስ እያልክ ግፋ። ክሪኩ ሥር ወፍራም እንጨት አድርግ፤ አለበለዚያ የበሰበሰውን በስቶት ይገባል። ክፍተቱ ሲስተካከል በሩን አውልቅና ቱቦላሬውን በይድ። መኪናው አሁን ትክክለኛ ቅርጹን «ያስታውሳል»።

ይህን በመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። ወጣት ሆኜ በምሠራበት አንድ ጋራዥ የሁለቱንም በር ሥር ሳጥኖች በአንድ ቀን ቆርጬ ጣልኳቸው። ድጋፍ የሚባል ነገር አላሰብኩም። ጠዋት ስመጣ ቦዲው ተከፍቷል፤ በአንድ በኩል 8 ሚሊ ያህል። አዲሶቹን ሳጥኖች በዚያው በየድኩ። በሮቹ ሁለት ሳምንት አስለቀሱኝ። በመዶሻ፣ በክሪክ፣ በመሐላ ሁሉ ሞከርኩ። ባለቤቱ ሲወስደው «በሩ ትንሽ ይነካል» አለኝ። ዛሬም ያ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ሳጥን የምቆርጠው አንድ ጎን ብቻ ነው። አንዱን ጨርሼ ነው ወደ ሌላው የማልፈው።

ቅደም ተከተሉ ብዙ ሰው ከሚያስበው የተለየ ነው። ቦዲው ሲወርድ መጀመሪያ የሻንሲውን ወለል ጨርስ። ከዚያ ቦዲውን መልሰህ ጫንና በብሎን እሰረው። ሳጥኑን የምትቀይረው ያኔ ነው፤ ቦዲው ሻንሲው ላይ ታስሮ። ለምን መሰለህ? የሳጥኑ ብሎኖች የሚገቡበት ቀዳዳ ወለሉ ላይ አለ። ሻንሲው ራሱ መለኪያህ ይሆናል። ሳጥኑን ቦዲው አየር ላይ ሆኖ ከበየድክ፣ ስታወርደው ቀዳዳ ከቀዳዳ አይገናኝም።

ከመቁረጥህ በፊት ስለ እሳት። የቮልስ የቤንዚን ታንክ ፊት ለፊት ኮፈኑ ሥር ነው። አውጣው፤ ከግቢው ራቅ አድርገህ አስቀምጠው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ከታንኩ ወደ ኋላ የሚሄደው የቤንዚን ቱቦ የሚያልፈው በመሃሉ ዋሻ ውስጥ መሆኑን ነው። አንተ ወለሉን የምትቆርጠውና የምትበይደው ደግሞ የዋሻውን ጠርዝ ተከትለህ ነው። ግራይንደርህ ትንሽ ቢስት ቱቦውን ታገኘዋለህ። በዚያው ዋሻ የፍሪሲዮን ገመድ፣ የነዳጅ መስጫ ገመድና የማርሽ ዘንግ ያልፋሉ። ቱቦውን ባዶ አድርገህ በአየር ንፋው፣ ገመዶቹን አውጣ። ወለሉ ላይ የተለጠፈው ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ነገርም ይነዳል። ሳይሞቅ በመሮ ፍቀህ አንሳው። ባልዲ ውሃና እሳት ማጥፊያ ከአጠገብህ ይሁን። ብየዳ ካቆምክ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብለህ ሻይ ጠጣ፤ የተደበቀ ፍም ካለ ያኔ ይታያል።

አሁን ላሜራው። ቮልስ ወለል በእጅ ይሠራል? ይሠራል። የተዘጋጀ ወለል ከውጭ ማስመጣት ከቻልክ ጊዜ ታተርፋለህ፤ አላፍርበትም፣ እኔም አገኘሁ ብል እገዛለሁ። ካላገኘህ ግን እጅ አለ።

ለወለሉ 1 ሚሊ ወይም 1.2 ሚሊ ላሜራ ውሰድ። ለቦዲው ቆዳ ከ0.8 እስከ 0.9 ይበቃል። የምትገዛው ገጹ ለስላሳ፣ አብለጭላጭና ዘይት የተቀባ ይሁን። ጥቁር ቅርፊት ያለበት ለብየዳም ለቀለምም ያስቸግራል። የጣሪያ ቆርቆሮ አታድርግ። ቀጭን ነው፣ በዚያ ላይ የተለበጠው ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ያሳምማል። ማታ ብርድ ብርድ ይልሃል፣ ትኩሳት ይይዝሃል፣ ወባ መስሎህ ትተኛለህ። ዚንክ የሚፈላው ብረት ከመቅለጡ እጅግ ቀድሞ ነው፤ 907 ዲግሪ ላይ። ስለዚህ መሸሽ አትችልም። የበርሜል ላሜራ ብዙዎች ይጠቀማሉ፤ ውፍረቱም አይከፋም። ግን ነዳጅ ወይም ኬሚካል የነበረበትን በርሜል በግራይንደር ወይም በእሳት አትቁረጥ። ባዶ ያልከው በርሜል ውስጥ ያለው ትነት ነው የሚፈነዳው።

ሞዴሉን በካርቶን አውጣ። ከአሮጌው ወለል ጤነኛ የሆነው ጎን ቅርጹን ይሰጥሃል፤ ገልብጠህ ትጠቀምበታለህ። አሮጌውን ቆርጠህ ከመጣልህ በፊት ሦስት ነገር ለካና ጻፍ። የወንበሩ ሐዲድ ከዋሻው ምን ያህል ይርቃል? የክሪክ ማስገቢያው የት ነው? የብሎኖቹ ቀዳዳዎች በስንት በስንት ሴንቲ ሜትር ናቸው? ወንበሩ ሁለት ሴንቲ ወደ ጎን ቢሸሽ መሪው ፊት ለፊትህ አይሆንም፤ መንዳት ከጀመርክ በኋላ ነው የሚገባህ።

እጥፋት ላይ ጀማሪ ሁሉ አንድ ስህተት ይሠራል። ላሜራ ሲታጠፍ ጥጉ ክብ ስለሚሆን ልኩ ይለወጣል። በውጭ ልክ ከለካህ በ1 ሚሊ ላሜራ ለአንድ እጥፋት ወደ 2 ሚሊ ገደማ ትቀንሳለህ። እንደ ማሽኑ ስለሚለያይ መጀመሪያ በቁራጭ ሞክር። ማጠፊያ ማሽን ከሌለህ ሁለት የማዕዘን ብረት በሞርሳ አጥብቀህ፣ በእንጨት መዶሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ በትንሽ በትንሹ አጥፍ። አንድ ቦታ ላይ ሙሉ አጥፈህ ወደ ሌላው አትሂድ፤ ይወላገዳል።

ወለሉ ላይ የምታያቸው ጎድጓዳ መስመሮች ለጌጥ አይደሉም። ዝርግ ላሜራ ላይ ስትቆም ‹ዶም› ይላል፣ እየነዳህም ይንጫጫል። መስመር ያለው ግን ይቆማል። አንዳንዱ ጋራዥ ዝርጉን በይዶ ይሰጥሃል፤ ከረገጥከው ትለየዋለህ። መስመር ማውጫ ማሽን ያለው ቤት ካገኘህ እሰየው። እኔ ለብዙ ጊዜ የሠራሁት በወይራ ነው። ወፍራም የወይራ ሳንቃ ላይ ጉድጓዱን በመሮ አወጣለሁ። ላሜራውን ከላይ አስሬ ጫፉ ድቡልቡል በሆነ ለስላሳ ዘንግ እየመታሁ አስገባዋለሁ። በአንድ ዙር አይደለም፤ በሦስት በአራት ዙር፣ በየዙሩ ትንሽ እያጠለቅኩ። አንድ ምስጢር ልንገርህ። መስመሩ ሲገባ ላሜራውን ከጎን ይስበዋል። ስለዚህ መጀመሪያ መስመሩን አውጣ፣ ከዚያ በልኩ ቁረጥ። ቀድመህ ከቆረጥክ ያጥርሃል።

ብየዳ። በኤሌክትሮድ አትሞክረው። የ1 ሚሊ ላሜራ ላይ ቀዳዳ ከመጠገን ይልቅ ቀዳዳ ታመርታለህ። ሲኦቱ ብየዳ (ሽቦው በራሱ እየወጣ በጋዝ ተከልሎ የሚበየደው) በ0.6 ሚሊ ሽቦ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። የድሮ ሰዎች በኦክስጅን ይሠሩት ነበር። ስፌቱ ልስላሴ ስላለው ከብየዳ በኋላ በመዶሻ ይስተካከላል። ግን ሙቀቱ ሰፊ ቦታ ያዳርሳል፣ እጅ ይፈልጋል። አሁን ያን እጅ ያለው ሰው ካገኘህ በርና ፓራፋንጎ ስጠው፤ ወለሉን በሲኦቱ ጨርስ።

ሙቀት ነው ጠላትህ። አንድ ሜትር ብረት በ100 ዲግሪ ሲሞቅ 1.2 ሚሊ ያህል ይረዝማል። ብየዳው ያለበት ቦታ ደግሞ ከአንድ ሺህ ዲግሪ በላይ ነው። ዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ላሜራ እንዲረዝም ስለማይፈቅድለት በራሱ ላይ ይጨማደዳል። ሲቀዘቅዝ ያጥርና ዙሪያውን ይስባል። ሞገድ የምታየው ለዚህ ነው። ስለዚህ አንድ ነጥብ እዚህ፣ ቀጣዩ ከ20 ሴንቲ ወዲያ፣ ሦስተኛው በሌላኛው ጫፍ። ነጥቦቹ እስኪገናኙ እየዞርክ ሙላ። እጅህን ስታስቀምጥበት ካቃጠለህ ጠብቅ። መብራት ሲሄድ አትናደድ፤ አንዳንዴ ለላሜራው እረፍት ነው።

ወለሉ ከዋሻው ጋር የሚገናኘው ተደራርቦ ነው፤ ፋብሪካው እንዲህ ነው የሠራው፣ እሱን ተከተል። የድሮውን ነጠብጣብ ብየዳ በትራፓኖ ፈልፍለህ ወለሉን ታነሳለህ። አዲሱ ላይ ከ6 እስከ 8 ሚሊ የሚሆኑ ቀዳዳዎች በየሦስት ሴንቲው ትበሳለህ። ታችኛው ብረት ላይ ጀምረህ ቀዳዳውን እየሞላህ ትበይዳለህ። ከመግጠምህ በፊት ሁለቱም የሚነካኩት ገጾች ላይ ለብየዳ የተሠራ የዚንክ ቀለም ቀባ፤ በኋላ እጅህ አይገባበትም። ቦዲው ቆዳ ላይ ግን አትደራርብ። ጫፍ ለጫፍ ግጠም።

የባትሪው ቦታ ከቀኙ ኋላ ወንበር ሥር ነው። የበላው ውሃ ሳይሆን አሲድ ነው። ቆርጠህ ከመበየድህ በፊት ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠህ እጠበው፤ መፍላቱን እስኪያቆም። ከዚያ በንጹህ ውሃ አጥበህ አድርቅ። አሲድ የቀረበት ብረት ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣል።

ሳጥኑን በቱቦላሬ የሚተኩ አሉ። «ይጠነክራል» ይሉሃል። ይጠነክራል፣ እውነት ነው። ግን 2 ሚሊ ቱቦላሬ ከ0.8 ላሜራ ጋር ስትበይድ ቀጭኑ ስፌቱ ጠርዝ ላይ ይሰነጠቃል። ማሞቂያውም ይቀራል። የብሎን ቦታውም አይገኝም። እኔ አልወደውም። የተዘጋጀ ሳጥን ካላገኘህ ከ1.2 ላሜራ በሁለት ቁራጭ አጥፈህ፣ እንደ ዋናው ቅርጽ ሥራው። ከታች ያለውን የውሃ መውጫ አትድፈነው። ከቀለም በኋላ ውስጡን በረጅም ቱቦ ሰም የሚረጭ ሰው ፈልግ። ከውስጥ ነው የበሰበሰው፤ ከውስጥ ካልጠበቅከው ይመለሳል።

ስቱኮ ኃጢአት አይደለም። 2 ሚሊ፣ ቢበዛ 3 ሚሊ ለማስተካከያ፣ ብረቱ ተጠርጎ ኢፖክሲ ፕራይመር (ዝገት የሚከላከል የሥር ቀለም) ከተቀባ በኋላ። ማጠንከሪያው 2 በመቶ አካባቢ ነው፤ ቶሎ ይድረቅ ብለህ አታብዛው። ወለል ላይ ግን ስቱኮ ምንም ሥራ የለውም። የጋራዡን ሥራ ለማየት ከፈለግክ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ አስጠጋ። ካልያዘ ከሥሩ ብረት የለም፣ ወይም በጣም ርቆ ነው ያለው።

ወለሉ ለምን እንደበሰበሰም እወቅ። አዲስ አበባ መንገድ ላይ ጨው አይበተንም፣ የባሕር ነፋስም የለም፤ ለላሜራ ደግ ከተማ ናት። አሥር ዓመት ግቢ ቆሞ ወለሉ ከተበሳ ውሃ ከላይ ገብቶ ምንጣፉ ሥር ተኝቷል። የመስታወቱን ጎማና የበሩን ጎማ ሳትቀይር አዲስ ወለል አታንጥፍ። አንድ ሰው በጎማ ቱቦ ውሃ ይርጭ፤ አንተ ውስጥ ገብተህ ባትሪ አብርተህ ፈልግ።

መጨረሻ ላይ ባትሪውን ስትመልስ ክዳኑን አትርሳ። የቮልስ የኋላ ወንበር ሥሩ የሽቦ ሞላ ነው። ከባድ ሰው ሲቀመጥ ሞላው የባትሪውን ጫፍ ከነካ እሳት ይነሳል። ዋናው ክዳን ከጠፋ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ቆርጠህ ልበጥ።

የበሩን ድጋፍ ከመቁረጥህ በፊት ደግሞ ቦዲው ሙሉ በሙሉ መታሠሩን አረጋግጥ። አንዱን ጎን ብቻ ቁረጥ። በሩን ስቀልና ዝጋው። ሳታነሳው፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ድምፅ ከገጠመ ሌላውን ቁረጥ። ካልገጠመ ቀለም ቀቢው ጋ አትውሰደው፤ መልሰህ እሰርና ጻፍልኝ። የክፍተቱን ልክ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ለክተህ ላክ።